ሰም ያልነካው ወረቀት

ወንድሜን ጀይላንን ያስገደለውን ሰው ለማወቅ ስል አራት ወር ሙሉ እጄን መርዝ ውስጥ ነክሬአለሁ። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም። በቀል ፈልጌ ነው የነከርኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ጀይላን የተገደለው ጣልያን ሸዋ ሮቢት በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር ነው። ከማጀቴ ከተማ ጥጥ ጭኖ ሲመለስ ነበር፤ በጥጡ መሀል ለአርበኞቹ የሚደርስ ጥይት ነበረበት። ሮቢ ወንዝ መሻገሪያው ላይ ወታደሮች አሥር ነጋዴ ይዘው በግንባራቸው ደፏቸው። ከዚያ አንድ በአንድ እያስነሱ ፊቱን በጋቢ ለሸፈነ ሰው ያሳዩ ጀመር። ሰውየው ዝም ሲል ያስነሱትን መልሰው ያስተኙታል። ጀይላን ሲነሳ ግን ሰውየው እጁን ዘረጋ። የተረፉት ዘጠኙ ጥይቱን ሰሙ እንጂ ሲጠቁም አላዩትም፤ ተነስቶ የነበረውም ያየው ጋቢውን ብቻ ነው፤ አፈር ላይ የተደፋ ሰው ምን ያያል?

አንድ ነገር ግን ሰምተዋል። ከመተኮሱ በፊት አንድ ፈረንጅ «ፌርሞ! ፌርሞ!» እያለ ጮኸ። አትነቃነቅ ማለቱ ነው። ጠቋሚው እጁን እንደዘረጋ፣ ወንድሜም የኋሊት እንደታሰረ ቆመው ቆዩ። ፈረንጁ በባለ ሦስት እግር ሣጥኑ ፎቷቸውን አነሳ። ተኩሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ስሰማ ማልቀሴን አቆምኩ። ጠቋሚው እዚያ ሣጥን ውስጥ አለ ማለት ነው። በሳምንቱ ሄጄ ለፈረንጁ ልብስ አጣቢ ሆንኩ።

ሲኞር ብሩኖ ይባላል። ከመንገድ ሥራው ጋር የመጣ ፎቶ አንሺ ነው፤ ድልድዩን፣ ድንጋይ ፈላጩን፣ የጣርማ በርን ዋሻ፣ የተሰቀለውንም የተረሸነውንም ያነሳል። ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ሳቁ ብዙ፣ አማርኛው ስብርባሪ። ሌላው ፎቶ አንሺ የተዘጋጀ ወረቀት ከአገሩ ያስመጣል፤ እሱ ግን ኩራተኛ ነበርና የማተሚያ ወረቀቱን በእጁ ካልሠራ ደስ አይለውም። «የሰው ፎቶ ይወይባል። የኔ ጥቀርሻ ነው። ጥቀርሻ አምስት መቶ ዓመት!» እያለ አምስት ጣቱን ያሳየኛል። ልብስ ማጠቡ በወሩ ቀረና ወረቀት ሠሪው ሆኜ አረፍኩት።

ሥራው እንዲህ ነው። ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የወጣ ሙጫ በሙቅ ውሃ ይሟሟል። እንዳይሰነጣጠቅ ስኳር ይጨመርበታል። ከኩራዝ የተጠረገ ጥቀርሻ ልሞ ተፈጭቶ ይገባበታል። ያ ጥቁር አጥሚት መሰል ነገር ወረቀት ላይ ይፈስና ይደርቃል። እስከዚህ ድረስ ወረቀቱ ዕውር ነው፤ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ ቢሰጣ ምንም አይሆንም። ዓይን የሚያወጣለት ብርቱካናማው ጨው ነው። ሲኞር ብሩኖ ቢክሮማቶ ይለዋል። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ ወረቀቱን ለሦስት ደቂቃ እነክረዋለሁ፤ ከዚያ መስኮት በሌለው ክፍል እሰቅለዋለሁ። እርጥብ ሳለ ገና ነው። ሲደርቅ ነው ብርሃን የሚያውቀው። ከዚያ ወዲያ ብርሃን የነካው ሙጫ ይደድራል፣ ሙቅ ውሃም አያሟሟውም። ያልነካው ታጥቦ ይሄዳል። ሥዕሉ የደደረው ነው።

የሸዋ ሮቢት ሙቀት የዚህ ሥራ ጠላት ነው። ውሃው ትንሽ ለብ ካለ ጥቁሩ እዚያው ሳህኑ ላይ ይዝለገለጋል። ወረቀቱ ደርቆ ከአንድ ቀን በላይ ከዋለ ደግሞ ያለብርሃን በራሱ ይደድርና የሚጣል ይሆናል። ስለዚህ ውሃውን እርጥብ ጆንያ በጠቀለልኩበት ገንቦ አቀዘቅዛለሁ፤ ማለዳ ነክሬ፣ ረፋዱ ላይ አድርቄ፣ ቀትር ላይ ለፀሐይ እሰጣለሁ። ሲኞር ብሩኖ የጎማ ጓንት ነበረው። አንድ ጥንድ። ለእኔ «አንቺ እጅ ጠንካራ» አለኝ።

ጠንካራ! ጥፍሬ ሥር በመርፌ የተወጋ የሚመስል ክብ ቁስል ይወጣ ጀመር። ወደ ውጭ አያብጥም፤ ወደ ውስጥ እየበላ ይሄዳል። ጣቶቼ እስከ አንጓዬ ብርቱካናማ ሆኑ። አንድ ቀን ጎረቤቴ እትዬ ከበቡሽ በአጥር ማዶ አየችኝና፣ «ዘምዘም፣ ወንድምሽ አፈር ሳይጠግብ ሂና ሞቅሽ እንዴ?» አለችኝ። ምናልባት ተጨንቃ ይሆናል የጠየቀችኝ። እኔ ግን እንደ ስድብ ያዝኩት። ያዝኩና አስቀመጥኩት።

ፀሐይ ላይ ያለው ወረቀት እንደ ጠቆረ ስለሚቆይ ሥዕሉ መውጣት አለመውጣቱ በዓይን አይታወቅም። በሰዓት ነው የሚሠራው። ሲኞር ብሩኖ የኪስ ሰዓት ነበረው፤ እኔ የዚክር መቁጠሪያዬን፣ ሙሰብሃዬን ነበር የምቆጥረው። ሦስት ዙር ለነጭ ሰማይ፣ ሁለት ዙር ለጠራ ፀሐይ። መጀመሪያ «ሱብሃነላህ» እያልኩ ነበር። ቁስሉ ሲብስብኝ «ያ ሙንተቂም» ማለት ጀመርኩ። አንተ ተበቃዩ ማለት ነው። መቶውንም እሱን ብቻ።

የመስተዋቱን ሣጥን ያገኘሁት መጋቢት ላይ ነው። ሲኞር ብሩኖ ፎቶ የሚያነሳው በመስተዋት ላይ ነው፤ በመስተዋቱ ሰማዩ ጥቁር፣ የሰው ፊት ከሰል፣ ጥላው ነጭ ይሆናል። ከመቶ በላይ መስተዋት አንድ በአንድ ወደ በሩ ብርሃን እያነሳሁ አየሁ። ወንድሜን በአቋሙ አወቅኩት። ከጎኑ ፊቱን የሸፈነው ሰው ቆሟል። መስተዋት ከየትኛውም ፊት ሊያዩት ይችላሉ፣ ማዶ ለማዶ ያሳያል፤ የትኛው ፊቱ እንደሆነ አላውቅም፣ ግድም አልሰጠኝም። ወረቀት ላይ ሲወጣ ይታወቃል አልኩ።

ሲኞር ብሩኖ ዋሻውን ሊያነሳ ለሦስት ቀን ወደ ጣርማ በር ወጣ። በዚያው ቀን ጀመርኩ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ። እሱ ሥዕሉን የሚያሳርፈው ሁለት ጊዜ ነበር፤ መጀመሪያ ሰም በተቀባ ወረቀት ላይ ይለጥፈዋል፣ ከዚያ ላይ ደግሞ አንስቶ መጨረሻው ወረቀት ላይ ያሳርፈዋል። ሰም የተቀባውን ወረቀት ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎበት ሄዷል። ሰሙ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ ለማሳመር ይመስለኝ ነበር። ያማረ ሥዕል ምን ያደርግልኛል? አንድ ጊዜ ብቻ አሳርፈዋለሁ አልኩ።

ነከርኩ፣ አደረቅኩ፣ መስተዋቱን ላዩ ላይ አጥብቄ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ሁለት መቶ ጊዜ ያ ሙንተቂም። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ከንጹሕ ነጭ ወረቀት ጋር ፊት ለፊት አጣብቄ ጨመቅኩትና ሙቅ ውሃ ውስጥ አስገባሁት። በጠርዙ ጥቁር ነገር መፍሰስ ጀመረ። የጀርባውን ወረቀት ስስበው ተላቀቀ። ውሃ እያፈሰስኩ አጠብኩት። ጥቁሩ እየሄደ እየሄደ ወንድሜ ብቅ አለ።

ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እጁ የኋሊት ታስሯል። አንገቱን አልደፋም። አፌን በእጄ ይዤ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ሌላውን አየሁ። ጋቢው እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። የዘረጋው እጁ ግራ እጁ ነበር።

በእኛ አገር በግራ እጁ ሰው የሚጠቁም የለም። ግራ እጅ ሥራዋ ይታወቃል። ከእናቱ ማህፀን ግራኝ ሆኖ ካልወጣ በስተቀር ማንም በግራው አይዘረጋም። በሸዋ ሮቢት ደግሞ በግራው መዶሻ የሚያነሳ፣ በግራው የሚጎርስ፣ በግራው መንገድ የሚያመለክት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የእትዬ ከበቡሽ ባል፣ ጎረቤቴ ሰይፉ። ኮርቻ ሠሪ ነው። በዚያ ሰሞን ድልድዩ ላይ ለጣልያኖቹ እንጨት ይጠርብ ነበር። ከዓመት በፊት የሸጠለት ኮርቻ የጀይላንን በቅሎ ጀርባ ልጦት በገበያ መሀል ተሰዳድበዋል። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ሥዕሉን መጀመሪያ ያሳየሁት ለአብዱረሂም ነው። አብዱረሂም የጀይላን የንግድ ሸሪክ ነበር፤ ከሞቱ ወዲህ ማሽላ የሚያመጣልኝ፣ ቤቴ መጥቶ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ፊቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። የሐዘን መስሎኝ እኔም አለቀስኩ።

«ግራ እጁ ነው» አልኩት።

«ግራ እጁ ነው» አለ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አኖረው። «ዘምዘምዬ፣ ከእንግዲህ ምን እደብቅሻለሁ? ያን ቀን ከወንዙ ማዶ ማሽላ ውስጥ ተደብቄ ነበር። አይቻለሁ። ወላሂ በግራ እጁ ነው የጠቆመው። የልጆች አባት ነው ብዬ ነው አፌን የያዝኩት።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ወረቀቱ ተናገረ። ለአደም እኔ አደርስልሻለሁ።»

አደም በዚያ አካባቢ ላሉት አርበኞች ፍርድ የሚሰጥ ሰው ነው። ከገደሉ ሥር ካለው ሸለቆ ወጥቶ ገበያ ሲወርድ እህል ሻጭ ነው የሚመስለው። አብዱረሂም ወረቀቱንም ምስክርነቱንም ይዞለት ሄደ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሰይፉ ከድልድዩ ሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ ያዙት። በእመቤቴ እያለ ማለላቸው። ወረቀቱን ሲያሳዩት ጎንበስ ብሎ አየውና፣ «እጁ የእኔን ይመስላል፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም» አለ። አላመኑትም፤ እዚያው ረሸኑት። እኔም ብሆን አላምነውም ነበር።

ወሬው በማግሥቱ ቀትር ላይ ደረሰኝ። በቤቴ ጓሮ ገና ጨው ያልነካው ወረቀት እያሰጣሁ ነበር። እጄን ወደ አፌ አስጠግቼ እልል አልኩ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ። ስጨርስ ቀና አልኩ። እትዬ ከበቡሽ በአጥር ማዶ እንስራ አዝላ ቆማለች። ወሬውን ገና አልሰማችም ነበር። ከእልልታዬ ነው የሰማችው።

በመሻገሪያው ላይ የነበረው የወታደር ሰፈር ሰኔ ላይ ተነሳ። እስከዚያ ድረስ ወንድሜ የወደቀበትን ቦታ ረግጬው አላውቅም። ዱዓ ላድርግለት ብዬ ሄድኩ። አንዱን ሥዕል በደረቴ ይዣለሁ፤ በዚያው ቀን ሁለት አትሜ ነበርና አንዱ ለአደም ሲሄድ አንዱን አስቀርቼዋለሁ። ጀይላን የቆመበት የት ነው፣ ደሙ የፈሰሰው የት ነው፣ ከወረቀቱ ጋር እያስተያየሁ ላገኝ ፈለግኩ።

አልገጥም አለኝ። በሥዕሉ ላይ ዋርካው ከጀይላን በስተቀኝ ነው፣ ወንዙ ወደ ግራ ይወርዳል። መሬቱ ላይ ዋርካው በግራዬ ነው፣ ወንዙም ወደ ቀኝ ይወርዳል። ፈረንጁ ከማዶ ሆኖ አንስቶት ይሆናል ብዬ ተሻገርኩ። ከማዶ ሲሆን ደግሞ የጣርማ በር ተራራ ከኋላዬ ሆነ፤ በሥዕሉ ግን ከጀይላን ጀርባ ነው። ተመለስኩ። ዳገቱ ላይ ወጣሁ፣ ወረድኩ። እዚያ ሜዳ ላይ እንደ ዕብድ ስዞር ዋልኩ። በመጨረሻ ደክሞኝ ወረቀቱን ለፀሐይ መከላከያ ወደ ፊቴ አነሳሁት። በጀርባው በኩል ነበር ያነሳሁት። ብርሃኑ ወረቀቱን ሰንጥቆ አለፈና ሥዕሉ ከጀርባ ታየኝ።

ዋርካው በግራ ነው። ወንዙ ወደ ቀኝ ይወርዳል። ተራራው ቦታው ላይ ነው። የጠቋሚው እጅ ቀኝ እጅ ነው።

ዱዓ አላደረግኩም። ምን ብዬ? መሬት ላይ ተቀመጥኩና ጣቶቼን አየሁ።

ቤት እስክደርስ ድረስ በሐሳቤ የሚመላለሰው ግን ሰይፉ አልነበረም። እሱ በኋላ ነው የመጣብኝ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አብዱረሂምን ነበር። ወላሂ በግራ እጁ ነው ብሎኛል። በዓይኑ ያየ ሰው ቢሆን ቀኝ እጁ ነበር፣ ወረቀትሽ ተሳስቷል ይለኝ ነበር። ያላየ ሰው ቢሆን አላየሁም ይለኝ ነበር። በአላህ ምሎ ከተሳሳተ ወረቀት ጋር የሚስማማ ሰው፣ ወረቀቱ ተሳስቶ እንዲቀር የሚፈልግ ሰው ነው። ጀይላን በሞተ በሳምንቱ ከጣልያኖቹ የበቅሎ ማለፊያ ወረቀት ማግኘቱ ትዝ አለኝ። ያኔ ዕድለኛ ነው ብዬ ነበር። ያመጣልኝን ማሽላ ሁሉ በልቻለሁ። በዚያ ሳምንት ደግሞ ላግባሽ ብሎ ሽማግሌ ልኮ ነበር።

በማግሥቱ ሲኞር ብሩኖን ሰሙ ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳቀ። ጥቀርሻ የተቀባ መዳፉን ወረቀት ላይ ተጫነና አነሳው፤ ከዚያ እጁን ከአሻራው አጠገብ ዘረጋ። አውራ ጣቱ በአንድ ወገን፣ የአሻራው አውራ ጣት በሌላ ወገን። «አንድ ጊዜ፣ ተገልባጭ» አለኝ። «ሁለት ጊዜ፣ ትክክል። ሰሙ ለመልቀቅ ብቻ ነው። አታውቂም?» አላውቅም ነበር። ሰው የሞተበትን ነገር በሳቅ ነገረኝ። ያን ቀን ለአልበሙ ያዘዘኝን ሃያ ወረቀት ነክሬ ሁለት ቀን አቆየሁትና ደድሮ እንዲበላሽ አደረግኩ። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ሲሳደብ መስማት ደስ አለኝ። በግርግሩ መሀል ከሣጥኑ ሰም የተቀባ ወረቀት ወሰድኩ። አዲስ ሥዕል እንደ ደንቡ አተምኩ። ቀኝ እጅ ወጣ።

ለእትዬ ከበቡሽ መንገር ነበረብኝ። ሦስት ቀን በአጥሩ ዳር ተመላለስኩ። በአራተኛው ገባሁ። የሰይፉን ዕቃ እያወጣች ለመሸጥ ትደረድር ነበር። መላጊያውን አንስታ አሳየችኝ፤ እጀታው በግራ አውራ ጣት ተቦርቡሯል።

«ይህን ማን ይገዛኛል?» አለች። ለማን እንደምትናገር አላየችም።

«እትዬ ከበቡሽ፣ ሰይፉ አይደለም።»

«እኔ መቼ ነው አልኩሽ?»

«ሥዕሉን ያተምኩት እኔ ነኝ። ተገልብጦ ነው የወጣው። አላወቅኩም። ለአደም ያስላክሁትም እኔ ነኝ።»

መላጊያውን አስቀመጠች። «እልልታሽን ሰምቻለሁ» አለች። «ሌላው ምን ይነገረኛል?»

ሁለቱንም ሥዕል አጠገቧ ዘረጋሁና ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንዙን፣ ሰሙን፣ የአብዱረሂምን መሐላ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ «እኔን የፈለግሽውን አድርጊኝ፣ አልሸሽም። ግን መጀመሪያ እሱን» አልኳት።

«መጀመሪያ እሱን» አለች እሷም። ውል ሆነ።

አደምን ያመጣችው እሷ ናት። እንዴት ብላ እንዳሳመነችው አላውቅም፤ የገደለውን ሰው ሚስት ፊት ለፊት ሲያያት እምቢ ማለት ሳያቅተው አልቀረም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሁለቱ ከመጋረጃዬ ጀርባ ተቀመጡ። አብዱረሂም ለጋብቻው መልስ ሊሰማ ነጭ ጋቢ ለብሶ መጣ። ሽቶ ተቀብቷል።

አዲሱን ሥዕል ሰጠሁት። «ያኛው ተገልብጦ ነበር» አልኩት። «ትክክለኛው ይኼ ነው። ቀኝ እጅ ነው።»

ንጹሕ ሰው ቢሆን «ታዲያ ማነው?» ይል ነበር። እኔም ብሆን፣ ማንም ቢሆን እንደዚያ ነው የሚለው። እሱ ግን፣ «ሌላ ያየው ሰው አለ?» አለኝ።

«ማንም።»

አውራ ጣቱን ምራቅ አስነካና ሥዕሉ ላይ ያለችውን እጅ ማሸት ጀመረ። አሸ፣ አሸ። አልለቀቀችም። እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ያ ጨው ያደደረውን ማንም አያስለቅቀውም። ሲያቅተው ወደ ምድጃው ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ከተተው።

«ጀይላን አላህ ይርሀመው» አለ፤ ድምፁ የሚያባብል ነበር። «ሰይፉም ሄዷል። ይህ ከእንግዲህ ለማን ይጠቅማል? አንቺም እኔም መኖር አለብን።»

አደም መጋረጃውን ገለጠ።

አብዱረሂም አደምን አየ፣ እትዬ ከበቡሽን አየ። ጋቢው ከትከሻው ወርዶ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለ። ከዚያ ቀኝ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ልክ እንደዚያው ነበር፤ ክንዱ ቀጥ ብሎ፣ ጣቱ ሳይታጠፍ፣ ፌርሞ የተባለ ይመስል።

«እሷ ናት!» አለ። «ሰይፉን ያስገደለችው እሷ ናት! ወረቀቱን የሠራችው እሷ!»

ያለው ሐሰት አልነበረም። የአደም ሰዎች ከውጭ ገብተው ይዘውት ሄዱ። ወደ ሮቢ መሻገሪያ አቅጣጫ ነበር የወሰዱት፤ እዚያው ዋርካው ሥር እንዲሆን የለመንኩት እኔ ነኝ። ስለ እሱ ዛሬም ቅንጣት አላዝንም። መቶ ጊዜ ቢነሳ መቶ ጊዜ እሰጠዋለሁ።

ቤቱ ውስጥ እትዬ ከበቡሽና እኔ ብቻ ቀረን። ከሩቅ ተኩስ ተሰማ። አንድ ብቻ።

«እልል በይ እንጂ» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት።

«ለሰይፉ ብለሽ የለ? ይኼኛው ደግሞ የገዛ ወንድምሽን ደመኛ ነው። ለዚህ ነው አራት ወር እጅሽን የበላው። እልል በይ፣ እኔም ልስማ።»

እጄን ወደ አፌ አስጠጋሁ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣኝም። እስኪደክማት ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ።

ውላችን ሁለተኛው ክፍል ነበረው፤ ምን እንደምታደርገኝ ጠየቅኳት። ምንም አላደርግሽም አለች። የተገለበጠውን ሥዕል ብቻ ስጪኝ አለችኝ፤ ባሏን የገደለውን። ሰይፉ በጀመረው እንጨት ክፈፍ አስጠርባ፣ ቤቷ ከበሩ ትይዩ ሰቀለችው። እሳት ልጭር፣ ጨው ልዋስ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሲኞር ብሩኖ ከጣልያን ጋር ወጥቶ ከሄደ ብዙ ዓመት ሆነው። ብዙ ነገር ዋሽቶኛል፤ ጥቀርሻ አምስት መቶ ዓመት ባለው ግን አልዋሸም። ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተለስኗል፣ ክፈፉን ምስጥ በልቶት ተቀይሯል፣ የዘረጋችው ግራ እጅ ግን ዛሬም እንዳተምኳት ጥቁር ናት።